የቨርቹዋል ማሽን ግራፊክስ ድራይቨር አፕዴት፦ ስክሪኑ ሳይጠቁርባችሁ

«ድራይቨሩን አፕዴት አደረግኩት፤ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ምን ልሥራ?»

ይህ ጥያቄ ቃሉ እየተቀያየረ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ የመሥሪያ ቤቱን የሲትሪክስ ዴስክቶፖች (ከሰርቨር ላይ ለተጠቃሚው በርቀት የሚቀርቡትን) ያስተዳድራል። ሌላዋ ሆራይዘን በሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ላይ ነች። ሌላው ላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጭኖ ሊኑክስ ይማራል። ያደረጉት ነገር ግን አንድ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን (በሶፍትዌር የተፈጠረውን ኮምፒውተር) እንደ ተራ ኮምፒውተር ቆጠሩት፤ የካርዱን አምራች ድረ ገጽ ከፈቱ፤ ከላይ ያገኙትን አዲስ ድራይቨር አውርደው ጫኑ።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ ድራይቨር ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ ሆስቱ አለ። ከላዩ ደግሞ ምስሉን ጨምቆ ወደ ተጠቃሚው የሚልከው ኤጀንት አለ። መካከለኛውን ብቻ ነቅላችሁ አዲስ ስትተክሉ፣ ከታች ወይም ከላይ ያለው ካልተስማማ ምስሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጫኑ ይልቅ ዝግጅቱ ላይ እቆያለሁ። መጫኑ ራሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሁለት ቃል እንግባባ። «ሆስት» የምለው ማሽኖቹን የተሸከመውን ሰርቨር ነው፤ የሚያሠራው ሶፍትዌር ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር)፣ ሃይፐር-ቪ፣ ኬቪኤም፣ ዜንሰርቨር ሊሆን ይችላል። «ገስት» የምለው በላዩ የሚሠራውን ቨርቹዋል ማሽን ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የገስቱም የሆስቱም አድሚን መብት። የሆስቱ ሌላ ሰው እጅ ከሆነ ያ ሰው በሥራው ሰዓት ስልክ የሚያነሳ መሆን አለበት።
- ከካርዱ ዓይነት ጋር የሚሄድ ድራይቨር (የትኛው እንደሆነ ደረጃ 1 ይነግራችኋል)።
- የአሁኑ ድራይቨር መጫኛ ፋይል። አዲሱ እምቢ ካለ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።
- ለስናፕሾት (ማሽኑን ወደነበረበት ሁኔታ ለመመለስ ለሚቀመጥ ምስል) ወይም ለቅጂ የሚበቃ የዲስክ ቦታ።
- ከዋናው ኮንሶል ሌላ ወደ ገስቱ የሚያስገባ መንገድ፤ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ቪኤንሲ፣ ሊኑክስ ከሆነ ኤስኤስኤች።
- ቪጂፒዩ (ለብዙ ማሽኖች የተከፋፈለ ካርድ) የምትጠቀሙ ከሆነ የላይሰንስ ቶክን ፋይሉ (ማሽኑ ላይሰንስ የሚጠይቅበት) ቅጂ።
- ተጠቃሚ የሌለበት ሰዓት፣ እና መሞከሪያ የሚሆን አንድ ማሽን።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ የሚያየው ካርድ የቱ እንደሆነ ለዩ

ዊንዶውስ ገስት ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱና የዲስፕሌይ አዳፕተሮችን ዝርዝር ዘርጉት። ሊኑክስ ላይ የፒሲአይ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ስጡ። የምታዩት ስም ድራይቨሩን ከየት እንደምታመጡ ይነግራችኋል። ሰርቨሩ ውስጥ በአካል የተሰካው ካርድ ኤንቪዲያ ስለሆነ ብቻ ገስቱም ኤንቪዲያ ያያል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

*ሶፍትዌር የፈጠረው ካርድ።* ስሙ ቪኤምዌር ኤስቪጂኤ፣ ቨርቹዋልቦክስ ግራፊክስ አዳፕተር፣ ኪውኤክስኤል፣ ቨርታዮ ጂፒዩ ወይም ሃይፐር-ቪ ቪዲዮ ይላል። የእነዚህን ድራይቨር የምታገኙት ከካርድ አምራች ሳይሆን ከቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌሩ ነው። ቪኤምዌር ላይ ዊንዶውስ ከሆነ ከቪኤምዌር ቱልስ ጋር ይመጣል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ከገስት አዲሽንስ ጋር። ኬቪኤም ላይ ለዊንዶውስ ገስት ቨርታዮ-ዊን የሚባለው አይኤስኦ ውስጥ አለ። ሃይፐር-ቪ ላይ ደግሞ ዊንዶውሱ ራሱ ይዞት ይመጣል፤ የምታወርዱት ነገር የለም።

*ተከፋፍሎ የተሰጠ ካርድ።* አንድ ካርድ ለብዙ ማሽኖች ሲከፋፈል ነው፤ ኤንቪዲያ ቪጂፒዩ ዋናው ምሳሌ ነው። ድራይቨሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ሆስቱ ላይ፣ አንዱ ገስቱ ላይ። የሚወርደውም ከኤንቪዲያ የላይሰንስ ፖርታል ነው። ለጌም ካርዶች የተዘጋጀው የጂፎርስ ድራይቨር እዚህ አይሠራም።

*ሙሉ ለሙሉ ለአንድ ማሽን የተሰጠ ካርድ።* ፓስስሩ የሚባለው ነው፤ ሃይፐር-ቪ ላይ ዲዲኤ ይሉታል። ካርዱን የሚያዘው ገስቱ ስለሆነ ድራይቨሩም ገስቱ ላይ ብቻ ይጫናል፤ ተራ ኮምፒውተር ላይ እንደምትጭኑት ማለት ነው።

*የክላውድ ማሽን።* ሆስቱ እጃችሁ ላይ የለም። ስለዚህ አቅራቢው ያዘጋጀውን ድራይቨር ብቻ ተጠቀሙ። ማይክሮሶፍት ለአዙር ኤንቪ ማሽኖች የኤንቪዲያን ግሪድ ድራይቨር ራሱ ያቀርባል፤ የኤኤምዲ ካርድ ያላቸው ደግሞ ለአዙር የተዘጋጀ የኤኤምዲ ድራይቨር ይፈልጋሉ። አማዞንም ለራሱ ማሽኖች ያዘጋጀው አለው። ከሌላ ቦታ ያመጣችሁት ከእነሱ ሆስት ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ያኔ ሆስቱን ማስተካከል አትችሉም።

ዝርዝሩ ላይ «ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብቻ ካያችሁ ምንም ትክክለኛ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ሪሞትኤፍኤክስ ቪጂፒዩ ካያችሁ ደግሞ አፕዴት አትፈልጉለት። ማይክሮሶፍት በደህንነት ችግር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶ በ2021 ከዊንዶውስ አውጥቶታል። የሚጠብቃችሁ ሥራ ወደ ሌላ ዘዴ መዛወር ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን አስማሙ

ይህ ደረጃ ለቪጂፒዩ ተጠቃሚዎች ነው። ሶፍትዌር የፈጠረው ካርድ ወይም ፓስስሩ ያላችሁ እለፉት።

ደንቡ ቀላል ነው። የገስቱ ድራይቨር ከሆስቱ ጋር አንድ ዋና ስሪት ወይም አንድ ዋና ስሪት ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። ከሆስቱ አልፎ ወደ ፊት መሄድ ግን አይችልም። ሆስቱ ቪጂፒዩ 17 ከሆነ ገስቱ 17 ወይም 16 ቢሆን ይሠራል። ሆስቱ 16 ሆኖ ገስቱን 17 ካደረጋችሁት አይደገፍም፤ ካርዱ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። የስሪቱ ቁጥርና የድራይቨሩ ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ የሆስቱና የገስቱ ቁጥርም አይመሳሰልም። ቪጂፒዩ 16.0 ሲወጣ የሆስቱ ድራይቨር 535.54.06፣ የሊኑክስ ገስቱ 535.54.03፣ የዊንዶውስ ገስቱ 536.25 ነበር። 17.0 ላይ ደግሞ 550.54.10፣ 550.54.14 እና 551.61 ሆኑ። ሆስቱ 535 ሲል ዊንዶውሱ 536 ካለ ገስቱ ቀደመ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ጥቅል የወጡ ናቸው። ስለዚህ በዓይን አታወዳድሩ። የስሪቱን መግለጫ ከፍታችሁ ሦስቱ ቁጥሮች በአንድ መስመር የተቀመጡበትን ሠንጠረዥ እዩ።

ገስቱ ላይ ያለውን ቁጥር ለማወቅ የኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ (nvidia-smi) ትእዛዝን አሂዱ፤ ከላይኛው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ። ሆስቱም ላይ ያው ትእዛዝ ይሠራል። ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑ ጻፉ። ነገ ሲበላሽ «ከዚህ በፊት ስንት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

እዚያው ሳላችሁ ሆስታችሁ፣ የካርዱ ሞዴል እና የገስቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአዲሱ ስሪት ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ። አዲስ ስሪት አንዳንድ ጊዜ የቆየ ካርድን ይተዋል። የተተወ ካርድ ላይ ደግሞ መጫኛው ካለቀ በኋላም ማሽኑ ላይነሳ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛ በር ክፈቱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። እኔም አንድ ምሽት ዘልዬዋለሁ።

የጎልደን ኢሜጅ (ሌሎች ማሽኖች የሚቀዱበት ዋና ማሽን) ድራይቨር እያደስኩ ነበር። የቪስፌር (የቪኤምዌር ሆስቶች ማስተዳደሪያ) ኮንሶሉን ከፍቼ ገስቱ ውስጥ ገባሁ፤ የቪጂፒዩ ድራይቨሩን ጫንኩ፤ መጫኛው ጥሩ እየሄደ ሳለ ስክሪኑ ጠቆረ። ጠበቅኩ። ሪስታርት አደረግኩ። የዊንዶውስ አርማ ብቅ አለና እንደገና ጠቆረ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ስናፕሾቱን መለስኩ፤ እንደገና ጫንኩ፤ ያው ሆነ። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ዴስክቶፑ ወደ ቪጂፒዩው ዞረ። ኮንሶሉ የሚያሳየው ደግሞ የድሮውን የኤስቪጂኤ ካርድ ነው፤ እዚያ የሚታይ ምስል የለም። ሪሞት ዴስክቶፕ አልከፈትኩም፤ ፋየርዎሉም ዝግ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ያልታመመ ማሽን ሳክም አመሸሁ።

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት፦

1. ሪሞት ዴስክቶፕን ክፈቱ፤ ሊኑክስ ከሆነ ኤስኤስኤችን።
2. ፋየርዎሉ እንዲያሳልፍ አድርጉ። ሪሞት ዴስክቶፕ በተለምዶ 3389 ፖርትን ይጠቀማል።
3. ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ አሁኑኑ ግቡ። መግባታችሁን በዓይናችሁ እዩ።
4. የሎካል አድሚን የይለፍ ቃል መሥራቱን ሞክሩ። ማሽኑ ከዶሜይኑ ጋር ሳይገናኝ ቢነሳ የሚያስገባችሁ እሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ፣ ፖሊሲያችሁ ሪሞት ዴስክቶፕን የማይፈቅድ ከሆነ ትዘጉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ መመለሻ አዘጋጁ

ማሽኑን አጥፉት፤ ከዚያ ስናፕሾት ውሰዱ። እየሠራ ሳለ ከነሜሞሪው የተወሰደ ስናፕሾት የካርዱንም ሁኔታ አብሮ ይይዛል። የሆስቱ ድራይቨር ከተቀየረ በኋላ ያ ሁኔታ ላይነሳ ይችላል።

ፓስስሩ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ስናፕሾት አትመኑ። ቪኤምዌር ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ስናፕሾትን አይደግፍም። በምትኩ አጥፍታችሁ ሙሉ ቅጂ ወይም ባክአፕ ውሰዱ።

የቶክን ፋይሉንም ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ላይ በፕሮግራም ፋይልስ ሥር፣ በኤንቪዲያ ኮርፖሬሽን ፎልደር ውስጥ፣ የቪጂፒዩ ላይሰንሲንግ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ድራይቨሩን ነቅላችሁ ስትጭኑ አብሮ ቢጠፋ አዲስ ለማውጣት የፖርታሉ መብት ያለውን ሰው መፈለግ ሊሆንባችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ዊንዶውስ አፕዴትን ዝም አሰኙት

ዊንዶውስ አፕዴት በራሱ የግራፊክስ ድራይቨር ሊያመጣ ይችላል። እናንተ ከሆስቱ ጋር ያስማማችሁትን ድራይቨር እሱ «የተሻለ አለኝ» ብሎ ይቀይረዋል። ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ሥር፣ ድራይቨሮች ከአፕዴቱ ጋር እንዳይመጡ የሚከለክል ምርጫ አለ። አብሩት። በተለይ ከአንድ ኢሜጅ ብዙ ማሽን የምታወጡ ከሆነ ይህን አትዝለሉ፤ አንዱ ማሽን ላይ የገባ ያልተፈለገ ድራይቨር ለመፈለግ ቀን ይፈጃል።

ደረጃ 6፦ ሆስቱን አስቀድሙ

ቅደም ተከተሉ ከደረጃ 2 ደንብ የሚመጣ ነው። ገስቱ ከሆስቱ ወደ ኋላ መቅረት ይችላል፤ መቅደም አይችልም። ሆስቱን ካስቀደማችሁ በመካከል ያሉት የቆዩ ገስቶች እየሠሩ ይጠብቋችኋል። ገስቱን ካስቀደማችሁ ሆስቱ እስኪደርስ ድረስ ተጠቃሚ ያለ ዴስክቶፕ ይቀመጣል።

ኢኤስኤክስአይ ላይ እንዲህ ይሄዳል።

1. በሆስቱ ላይ ያሉትን ማሽኖች ወደ ሌላ ሆስት አንቀሳቅሱ ወይም አጥፉ። ቪጂፒዩ ያላቸው ማሽኖች በራሳቸው ላይንቀሳቀሱ ይችላሉ፤ አንድ በአንድ እዩአቸው። ማንንም ሰስፔንድ አድርጋችሁ አትተዉ። ሰስፔንድ የሆነ ማሽን የቆየውን ድራይቨር ሁኔታ ይዞ ስለሚተኛ ከአፕዴቱ በኋላ ላይነቃ ይችላል።
2. ሆስቱን ሜንቴናንስ ሞድ (ማሽን የማያሠራበት የጥገና ሁኔታ) ውስጥ አስገቡ።
3. የቆየውን የኤንቪዲያ ቪአይቢ (የኢኤስኤክስአይ መጫኛ ጥቅል) አውጡ፤ አዲሱን ጫኑ። የምትጭኑት ለእናንተ የኢኤስኤክስአይ ስሪት የተዘጋጀውን ነው።
4. ሪስታርት አድርጉ። ሪስታርት አያስፈልግም የሚል መልእክት ብታዩም አድርጉት።
5. ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይን አሂዱ። ካርዶቹ በሙሉ ተዘርዝረው አዲሱ ቁጥር ከወጣ ከሜንቴናንስ ሞድ አውጡት።
6. አንድ የሙከራ ማሽን ብቻ አስነሱ። እሱ ከተነሳ ሌሎቹን መልሱ።

ብዙ ሆስት ካላችሁ አንድ በአንድ ሂዱ፤ ግን ግማሹን አድሳችሁ ለሳምንታት አትተዉት። በተለያየ ስሪት ሆስቶች መካከል የበራ ማሽን ማንቀሳቀስ ገደብ አለው። ገደቡን የምታገኙት ደግሞ ሆስት በድንገት ባዶ ማድረግ ባስፈለጋችሁ ሰዓት ነው።

ሶፍትዌር የፈጠረው ካርድ ላይም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ቨርቹዋልቦክስን መጀመሪያ፣ ከዚያ ገስት አዲሽንስን ከዚያው ስሪት።

ደረጃ 7፦ ገስቱ ላይ ጫኑ

*ዊንዶውስ።* በሪሞት ዴስክቶፕ ግቡ። መጫኛውን በአድሚን መብት ክፈቱ፤ ከምርጫዎቹ የብጁ አጫጫኑን (ከስተም የሚለውን) ያዙ፤ ንጹሕ አጫጫን የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ የቀድሞውን ቅንብር ያጸዳል። የቆየ ቅንብር ከአዲስ ድራይቨር ጋር ሲቀላቀል የሚመጣው ችግር ምክንያቱ ቶሎ የማይገኝ ዓይነት ነው። በመጫኑ መካከል ስክሪኑ ብልጭ ሊል ወይም ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። አትደንግጡ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ግቡ። ሲያልቅ ሪስታርት።

ከአንድ አምራች ካርድ ወደ ሌላ እየተዛወራችሁ ከሆነ መጀመሪያ የቀድሞውን ድራይቨር አውጡ። ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የሚባለው መሣሪያ በሴፍ ሞድ ውስጥ አጥርቶ ያጸዳል። ለተራ አፕዴት ግን አያስፈልግም። ሰው ምክር ሲሰጥ ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራል፤ እኔ የምጠቀምበት ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ ነው።

*ሊኑክስ።* እዚህ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ታስሮ ይሄዳል። ስለዚህ፦

1. ከምትጠቀሙበት ከርነል ጋር አንድ የሆነውን የከርነል ሄደርስ ፓኬጅ ጫኑ። ጂሲሲ እና ሜክ መኖራቸውንም እዩ።
2. ዲኬኤምኤስ ጫኑ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና የሚሠራው እሱ ነው። ያለ እሱ የሚቀጥለው የከርነል አፕዴት ድራይቨሩን ይዞ ይሄዳል።
3. ኤንቪዲያ ከሆነ ኑቮ የሚባለውን ክፍት ድራይቨር አግዱና ሪስታርት አድርጉ። ሁለቱ አንድ ካርድ ላይ አይኖሩም።
4. ሴኪውር ቡት በርቶ ከሆነ ሞጁሉ መፈረምና ቁልፉ መመዝገብ አለበት። ካልተፈረመ ከርነሉ አይጭነውም፤ መጫኛው ግን «ተሳክቷል» ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል።
5. ጫኑ፤ ሪስታርት አድርጉ።

ቪኤምዌር ላይ ያለ ሊኑክስ ገስት የተለየ ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ ነው፤ የ3ዲ ሥራው ደግሞ ሜሳ የሚባለው የግራፊክስ ላይብረሪ ላይ ነው። ኦፕን-ቪኤም-ቱልስን ማደስ ግራፊክሱን አያድሰውም። ከርነሉንና ሜሳን አድሱ።

ኬቪኤም ላይ ዊንዶውስ ገስት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የቨርታዮ ጂፒዩ የዊንዶውስ ድራይቨር ምስል ያሳያል እንጂ 3ዲ አያፋጥንም። አፕዴት ብታደርጉትም ያ አይቀየርም። 3ዲ ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ቪጂፒዩ ወይም ፓስስሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ኤጀንቱን እዩ

ሆራይዘን ኤጀንትም ሆነ ቪዲኤ (የሲትሪክሱ ኤጀንት) የራሳቸውን የዲስፕሌይ ክፍል ገስቱ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሆራይዘን ላይ ቪኤምዌር ቱልስ ይቀድማል፤ ኤጀንት ይከተላል። ኤጀንቱ ካለ በኋላ ቱልስን ብቻ ካደሳችሁ የኤጀንቱን ፋይሎች ሊነካባቸው ይችላል፤ ያኔ መፍትሔው ኤጀንቱን አውጥቶ መልሶ መጫን ነው። ኤጀንቱ የሚደግፋቸውን የድራይቨር ስሪቶችም ከመግለጫው አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ ላይሰንሱን አረጋግጡ

ለቪጂፒዩ ብቻ ነው። የቶክን ፋይሉ በቦታው መኖሩን እዩ፤ ከሌለ መልሱት፤ ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ። ሊኑክስ ላይ ቦታው በኢቲሲ ሥር ባለው የኤንቪዲያ ፎልደር ውስጥ ነው። ገስቱ ወደ ላይሰንስ ሰርቨሩ በ443 ፖርት መድረስ አለበት። ሰዓቱም ትክክል ይሁን፤ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ላይሰንስ ላያገኝ ይችላል።

ይህን ከዘለላችሁ ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ላይሰንስ ያላገኘ ማሽን ሲነሳ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። እናንተም «ተሳካ» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። 20 ደቂቃ ሲያልፍ በሰከንድ ወደ 15 ፍሬም ይወርዳል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 3። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ መጮኽ ይጀምራል፤ «ማውሱ ይጎተታል» ይሏችኋል።

ደረጃ 10፦ ፈትሹ

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት አለመኖሩ ብቻ አይበቃም። እነዚህን አድርጉ፦

- ተጠቃሚው በሚገባበት መንገድ ግቡ፤ በሆራይዘን ከሆነ በሆራይዘን፣ በሲትሪክስ ከሆነ በሲትሪክስ።
- ታስክ ማኔጀር ውስጥ የጂፒዩውን ገጽ ከፍታችሁ አንድ 3ዲ ፋይል አዙሩ። መስመሩ ከፍ ካላለ ሥራው ሲፒዩ ላይ ነው።
- ሁለት ስክሪን የሚጠቀም ካለ በሁለት ስክሪን ሞክሩ፤ ግንኙነቱን አቋርጣችሁ መልሳችሁ ግቡ።
- ቢያንስ 30 ደቂቃ ክፍት ተዉት። ለምን 30 እንዳልኩ ደረጃ 9 ላይ አይታችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ ዲኤክስዲያግ ብትከፍቱ «ማይክሮሶፍት ሪሞት ዲስፕሌይ አዳፕተር» ሊላችሁ ይችላል። ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት አይደለም። ሪሞት ዴስክቶፕ የራሱን አዳፕተር ስለሚያሳይ ነው። የጂፒዩው ኃይል ለሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽኖችም እንዲውል ከፈለጋችሁ፣ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሥር የሃርድዌር ግራፊክስ አዳፕተር ለሁሉም ሴሽን እንዲያገለግል የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ።

ደረጃ 11፦ ወደ ሌሎቹ አዳርሱ

ተጠቃሚ ሲወጣ የሚታደሱ ዴስክቶፖች (በሆራይዘን ኢንስታንት ክሎን፣ በሲትሪክስ ኤምሲኤስ ወይም ፒቪኤስ የሚባሉት) ካሏችሁ በየማሽኑ አትጫኑ፤ ሲታደሱ ይጠፋል። ጎልደን ኢሜጁን አድሱ፣ አጥፉት፣ አዲስ ስናፕሾት ወስዳችሁ ወደ ፑሉ (ከኢሜጁ ወደሚወጡት ዴስክቶፖች ስብስብ) ግፉ። በቅድሚያ ለትንሽ የሙከራ ፑል። የየራሳቸው ቋሚ ማሽን ያላቸው ተጠቃሚዎች ላይ ግን መጫኛውን ያለ ጥያቄ በዝምታ እንዲጭን አድርጋችሁ በማሰራጫ ሶፍትዌራችሁ ላኩት፤ በትንሽ በትንሽ ቡድን።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ኮድ 43 (ዲቫይስ ማኔጀር ካርዱ ችግር አለው ብሎ ሲያቆመው)።* ቪጂፒዩ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከሆስቱ የቀደመ ወይም የጌም ካርድ ድራይቨር ነው። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። የጂፎርስ ካርድን በፓስስሩ ለሰጣችሁ ደግሞ፦ ኤንቪዲያ ይህን ለዊንዶውስ ገስት መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ465 ድራይቨር ጀምሮ ነው። ከዚያ የቆየ ከሆነ መድኃኒቱ አፕዴቱ ነው።

*ማሽኑ አይነሳም፤ የግራፊክስ ሪሶርስ አይበቃም ይላል።* ቪስፌር ላይ የሆስቱን የግራፊክስ ቅንብር እዩ። «ሼርድ» ላይ ከሆነ ወደ «ሼርድ ዳይሬክት» ቀይሩት። እሱ ትክክል ከሆነ ካርዱ ላይ የቀረ ቦታ መኖሩን እዩ።

*ሊኑክስ ላይ የድራይቨሩና የላይብረሪው ስሪት አይገጥምም ይላል።* አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ አለ፤ ሜሞሪ ላይ ያለው ሞጁል ግን የቆየው ነው። ሪስታርት አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ያልቃል።

*ከከርነል አፕዴት በኋላ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ድራይቨሩን ማግኘት አልቻልኩም ይላል።* ዲኬኤምኤስ ወይም ሄደርሱ የለም። አለ ከተባለ ሴኪውር ቡትን ጠርጥሩ።

*ቨርቹዋልቦክስ ላይ የስክሪን መጠን አይቀየርም።* በቅንብሩ ውስጥ የግራፊክስ ኮንትሮለሩን እዩ፤ ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ለዊንዶውስ ቪቦክስኤስቪጂኤ። ከዚያ ገስት አዲሽንሱ ከቨርቹዋልቦክሱ ስሪት ጋር መግጠሙን።

*ስክሪኑ ጠቁሯል።* ስናፕሾቱን ከመመለሳችሁ በፊት በሪሞት ዴስክቶፕ ሞክሩ። ከገባችሁ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የጠቆረው ኮንሶሉ ብቻ ነው። ካልገባችሁ ማሽኑን አጥፉ፤ ከቅንብሩ የቪጂፒዩውን ወይም የፓስስሩ ካርዱን አውጥታችሁ አስነሱት። በሶፍትዌር ካርዱ ኮንሶሉ ላይ ይነሳል። የተበላሸውን ድራይቨር አራግፉ፣ አጥፉት፣ ካርዱን መልሱ፣ ያስቀመጣችሁትን የድሮ መጫኛ ጫኑ። ይህም ካልሆነ ያኔ ስናፕሾቱን መልሱ።